ነጻ የወጣችው ሚኒባስ

ጽሑፌን በአንድ ጥያቄ ልጀምር። «ነጻ» ስንል ምን ማለታችን ነው? ሱቅ ገብተን «በነጻ ነው፣ ውሰዱ» ከተባልን ገንዘብ አንከፍልም ማለት ነው። «ነጻ አገር» ካልን ሌላ የማያዛት፣ ራሷን የቻለች ማለታችን ነው። ፍርድ ቤት ቀርቦ «ነጻ ወጣ» የተባለ ሰው ደግሞ ጥፋት አልተገኘበትም ማለት ነው። አንድ ቃል፣ ሦስት ትርጉም! እኔ የሁለተኛ ዓመት የጋዜጠኝነት ተማሪ ነኝና የቃል ነገር ይገደኛል (ቢያንስ ሊገደኝ ይገባል)። ዛሬ ግን የማወራችሁ ስለ ሰዋስው አይደለም፤ ስለ ጌም ነው። በትርፍ ሰዓታቸው የኮምፒውተር ጌም የሚሠሩ ልጆች ስዕሉን በምን ይሥሩት? ከየትስ ያምጡት? ነገሩ ቀላል ይመስላል። እኔንም ቀላል መስሎኝ ነው ጉድ የሆንኩት።

የሆነው እንዲህ ነው። የዶርም ጓደኛዬ ኮምፒውተር ሳይንስ ይማራል። ስሙን እንዳልጠቅስ ተስማምተናል፤ ታሪኩን እንድጽፍ ግን ራሱ ፈቅዶልኛል። ይህ ልጅ አንድ ጌም መሥራት ጀመረ። ከመገናኛ ተነስታ ፒያሳ የምትገባ ሰማያዊና ነጭ ሚኒባስ አለች፤ ተጫዋቹ ረዳቱ ነው። ተሳፋሪ ይጠራል፣ ሒሳብ ይሰበስባል፣ መልስ ይሰጣል፣ «ወራጅ አለ!» ሲባል በሩን ይከፍታል። መልስ ከተሳሳተ ተሳፋሪው ይነጫነጭበታል። ስንቱን ሌሊት በሷ ስንስቅ አደርን መሰላችሁ!

ባለፈው ዓመት ተማሪዎች የሠሩትን የሚያሳዩበት አንድ ትንሽ ዝግጅት ነበር፤ ጓደኛዬም ጌሙን ይዞ ገባ። እኔ ደግሞ ለዚህ ቡሌቲን ስለ እሱ ልጽፍ ረቂቄን ቀደም ብዬ ጨርሼ ነበር። «ሐሳቡንም፣ ኮዱንም፣ ስዕሉንም በራሱ እጅ የሠራ ወጣት» የሚል ዓረፍተ ነገር ሁሉ አለበት። ጠይቄው ነው? አልጠየቅኩትም። ጓደኛዬ ስለሆነ የማውቅ መሰለኝ።

ዝግጅቱ ላይ አንድ አባት መጥተው ጌሙን ትክ ብለው አዩት። ድሮ ሹፌር እንደነበሩ ነገሩን። «ልጄ፣ ይቺ መኪና የየት አገር ናት?» አሉት።

«የአዲስ አበባ ታክሲ ናት፣ አባባ።»

«ታዲያ መሪዋ ለምን በቀኝ ሆነ? በሯስ ለምን በግራ ይከፈታል? ተሳፋሪህን እኮ መሀል አስፋልት ላይ ልታወርደው ነው!»

የከበበው ሰው ሳቀ። እሳቸውም ሳቁና «ስዕሉን አንተው ነህ የሣልከው?» ብለው ጨመሩበት። በክፋት አልነበረም፤ እንዲሁ ለመጠየቅ ያህል ነው። ጓደኛዬ ግን ዝም አለ። እኔም ረቂቄን በኪሴ ይዤ ዝም አልኩ።

ማታ ዶርም ገብተን ሁሉንም ነገረኝ። ሚኒባሷ ከኢንተርኔት የወረደች ናት። መኪና በግራ በኩል በሚነዳበት በሌላ አገር ያለ ሰው የሣላት፣ እሱ ሰማያዊ ቀለም ብቻ የቀባት። ተሳፋሪዎቹ ከሌላ ጌም የተቆረጡ ናቸው። የቀባበትና የቆረጠበት ፎቶሾፕ ደግሞ በፍላሽ የመጣ ክራክ ነው። ከክራኩ ጋር የገባው ቫይረስ የሁለት ወር ሥራ እንደበላበት ያን ዕለት ነው የሰማሁት። «ጌሙን ለሕዝብ ላወጣው እፈልጋለሁ፤ ግን አንድ ቀን ባለቤቱ ቢመጣስ እያልኩ እፈራለሁ» አለኝ።

እንግዲህ አስቡት። ጓደኛዬ ሁሉንም ያገኘው «በነጻ» ነው፤ አምስት ሳንቲም አልከፈለም። ጌሙ ግን ነጻ አልነበረም፤ እሱም ነጻ አልነበረም። ከሦስቱ ትርጉሞች አንዱን ይዞ ሁለቱን አጥቷል። የዚህ ጽሑፍ ሐሳብም ይኸው ነው፦ ለጀማሪ ጌም ሠሪ ሦስቱንም ትርጉም የሚያሟሉ መሣሪያዎች ሞልተዋል፤ እያሉ በክራክና በተቆረጠ ስዕል መሥራት በገዛ እጅ የራስን ሥራ ማሰር ነው።

ክራክ ለምን ወደድን?

በጓደኛዬ ላይ ልፈርድ አይደለም። ፎቶሾፕን የሚሠራው አዶቤ እ.ኤ.አ. ከ2013 ወዲህ አዳዲስ ፕሮግራሞቹን በየወሩ ወይም በየዓመቱ በሚከፈል ኪራይ ነው የሚያቀርበው። በብር ኪስ ገንዘብ የሚኖር የዶርም ተማሪ በዶላር የሚከፍል ካርድ ከየት ያመጣል? ስለዚህ ፍላሽ ይዘን ወደሚጭንልን ሰው እንሄዳለን። «ክራኩን ጫንልኝ» ማለት «ሻይ አምጣልኝ» የማለት ያህል ሆኗል። ሕጉ ግን አለ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሲወጣ የኮምፒውተር ፕሮግራምንም ስዕልንም ከሚጠበቁት ሥራዎች መካከል ቆጥሯቸዋል። «ማን ይይዘኛል?» ማለት ይቻላል። ዶርም ውስጥ ማንም አይይዝም፤ እውነት ነው። ችግሩ የሚመጣው ሥራው ጥሩ ሲሆን፣ ሰው ሲወደው፣ ከዶርም ሊወጣ ሲል ነው።

ይቅርታ፣ እኔም ንጹሕ አይደለሁም። ባለፈው ሴሚስተር በሠራነው የግድግዳ ጋዜጣ ላይ አራት ፎቶ ለጥፌ ከሥራቸው «ምንጭ፦ ጉግል» ብዬ ጽፌያለሁ። ጉግል ፎቶ አንሺ ነው እንዴ? «ዜናውን ማን ነገረህ?» ሲሉኝ «ስልክ» ብዬ እንደ መመለስ ነው እኮ! ጓደኛዬ ሚኒባሷን ወሰደ፣ እኔ ፎቶዎቹን ወሰድኩ። ያው ነን።

መሣሪያዎቹ እነሆ

ከዚያ ሌሊት በኋላ ሁለታችንም በነጻ ስለሚገኙ የስዕል መሣሪያዎች ማጠያየቅ ጀመርን። ጋዜጠኛ ነኝ ብዬ አፌን ሞልቼ ባልናገርም፣ ያገኘሁትን እንደ ዘገባ ላቅርብላችሁ።

መጀመሪያ ጂምፕ። ፎቶ ማስተካከል፣ ምስል መቁረጥ፣ በሌየር መሥራት፣ ቀለም መለወጥ ለሚፈልግ ሰው ነው። ይህን ፕሮግራም የጀመሩት በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ ይማሩ የነበሩ ስፔንሰር ኪምቦልና ፒተር ማቲስ የተባሉ ሁለት ልጆች ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1995 ጀምረው በ1996 ለሕዝብ አወጡት። ተማሪዎች ነበሩ፣ ልክ እንደ እኛ! ጂምፕ ዛሬም በበጎ ፈቃደኞች እየተሠራ ነው፤ ሦስተኛው ትልቅ እትሙ እ.ኤ.አ. በ2025 ወጥቷል።

ሁለተኛ ክሪታ። ይህኛው እንደ ሠዓሊ በብሩሽ ለሚሥሉ ነው፤ የጌሙን ሰማይ፣ ተራራ፣ የሰው ፊት በነጻ እጅ ለመሣል ይመቻል። የስዕል ታብሌት ያለው ሰው ይደሰትበታል። የሌለውም በማውዝ ይታገላል። ጓደኛዬ ታግሏል።

ሦስተኛ ኢንክስኬፕ። እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረ ነው። በእሱ የሚሠራው ስዕል በነጥብ ሳይሆን በመስመርና በቅርጽ የተገነባ ስለሆነ የፈለጋችሁትን ያህል ብታሳድጉት አይደበዝዝም። ለጌም መጫኛ ቁልፎች፣ ለምልክቶች፣ ለርዕስ ጽሑፍ ከሱ የተሻለ አላየሁም።

አራተኛ በትንንሽ ካሬዎች ለሚሠራው የድሮ ዓይነት ስዕል፣ ማለትም ለፒክስል ስዕል፣ ሊብረስፕራይት አለ። አሴስፕራይት የሚባል በዓለም ላይ የታወቀ ፕሮግራም አለ፤ እሱ በገንዘብ ይሸጣል። እ.ኤ.አ. እስከ 2016 ድረስ ግን ኮዱ በነጻ ፈቃድ የተለቀቀ ነበር። ፈቃዱ ሲቀየር ሌሎች ሰዎች የመጨረሻውን ነጻ እትም ይዘው ቀጠሉበት፤ ሊብረስፕራይት የሆነው ያ ነው። ፒክስሎራማ የሚባልም ነጻ ወንድም አለው። እግርና እጅ የሚንቀሳቀስበትን አኒሜሽን ሥዕል በሥዕል ለመሥራት ሁለቱም ይመቻሉ።

አምስተኛ ባለ ሦስት ገጽታ ስዕል ለሚፈልጉ ብሌንደር። የዚህን ታሪክ ሳልነግራችሁ አላልፍም። ቶን ሮዘንዳል የተባለ ኔዘርላንዳዊ የሠራው ፕሮግራም ነው፤ ይሸጠው የነበረው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2002 ከሰረ። ፕሮግራሙን ነጻ ለማውጣት 100,000 ዩሮ ያስፈልግ ነበር። ተጠቃሚዎቹ በሰባት ሳምንት ውስጥ አዋጥተው ከፈሉ! በዚያው ዓመት ኮዱ ለሁሉም ተለቀቀ። እ.ኤ.አ. በ2025 በረጅም አኒሜሽን ፊልም ኦስካር የወሰደው የላትቪያው «ፍሎው» የተሠራው በዚሁ ብሌንደር ነው። ስለዚህ «የነጻ ዕቃ ጥራት የለውም» ለሚል ሰው ሌላ መልስ አያስፈልገኝም።

ስዕሎቹን ሰብስቦ ጌም የሚያደርገው ደግሞ ጎዶ ነው። ሁዋን ሊኒየትስኪና አሪየል ማንሱር የተባሉ አርጀንቲናውያን የሠሩት ሲሆን እ.ኤ.አ. በ2014 በነጻ ፈቃድ ተለቋል። መጫን እንኳ አይፈልግም፤ ፋይሉን ከፍላሽ ላይ ከፍቶ መሥራት ይቻላል። መንገድና ሰፈር በትንንሽ ንጣፍ ለመደርደር ታይልድ የሚባል ሌላ ነጻ ፕሮግራም አለ።

አሁን ደግሞ በጣም የወደድኩትን ልንገራችሁ። ከላይ የጠራኋቸውን ፕሮግራሞች ለጓደኛችሁ በፍላሽ ገልብጣችሁ ብትሰጡ ሌባ አትባሉም። ፈቃዳቸው ራሱ «ተጠቀሙበት፣ ውስጡን አጥኑት፣ አሻሽሉት፣ ለሌላው አካፍሉት» ነው የሚለው። እኛ አገር ሶፍትዌር የሚዞረው በፍላሽ ነው። ኢንተርኔት ውድ ነው፣ ይቆራረጣል። አንድ ሰው ላይብረሪ ቁጭ ብሎ ያወርዳል፣ ዶርሙ በሙሉ ይካፈላል። ይህ ልማዳችን ለክራክ ሲሆን ጥፋት ነው፤ ለእነዚህ ሲሆን ግን ሠሪዎቹ የሚፈልጉት ነገር ነው። ልማዳችንን መተው አያስፈልገንም፤ በፍላሹ ውስጥ ያለውን መቀየር ብቻ ነው።

የሰው ስዕል ስትወስዱ

«ሁሉንም ራሴ መሣል አልችልም» የሚል አለ። ልክ ነው፤ ኮድ የሚጽፍ ሁሉ ሠዓሊ አይደለም። የሰው ስዕል መጠቀም ነውር የለውም፤ ነውሩ ሳይፈቀድ መውሰድ ነው። ፈቅደው የሚሰጡ ሰዎች ደግሞ አሉ። ኬኒ በሚል ስም የሚታወቅ ኔዘርላንዳዊ በሺዎች የሚቆጠሩ የጌም ስዕሎች ሠርቶ ማንም ለምንም እንዲጠቀምባቸው ለቋል። ኦፕንጌምአርት የተባለው የጌም ስዕል ማከማቻም እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ አለ። እዚያ ግን እያንዳንዱ ስዕል የየራሱ ፈቃድ ስላለው ሳያነቡ ማውረድ አይገባም።

ፈቃዶቹን ማንበብ አያስፈራም። ዋና ዋናዎቹ የክሬቲቭ ኮመንስ ፈቃዶች ናቸው፣ በአጭሩ ሲሲ የሚባሉት። «ሲሲ ዜሮ» ከሆነ ባለቤቱ ምንም አይጠይቃችሁም። «ሲሲ ባይ» ከሆነ ስሜን ጥቀሱ ነው የሚለው። «ኤስኤ» ከተጨመረበት ስዕሉን አሻሽላችሁ ስታወጡ እናንተም በዚያው ፈቃድ ልቀቁት ማለት ነው። «ኤንሲ» ካለበት አትሽጡበት፣ «ኤንዲ» ካለበት ለውጣችሁ አታውጡት ማለት ነው። ምንም ፈቃድ ያልተጻፈበት ስዕል ካያችሁስ? ብዙዎቻችን «ካልተጻፈበት ይፈቀዳል» እንላለን። ተቃራኒው ነው፤ ካልተጻፈበት አልተፈቀደም።

የፊደልም ነገር አለ። ጓደኛዬ በጌሙ ውስጥ «ወራጅ አለ!» የሚለውን የጻፈው ከዊንዶውስ ጋር በሚመጣው ኒያላ ፎንት ነው። ያ ፎንት የማይክሮሶፍት ነው፤ ከጌማችን ጋር አሽገን እንድናከፋፍለው አልተሰጠንም። አቢሲኒካ ኤስአይኤልና ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ግን በክፍት የፎንት ፈቃድ የተለቀቁ ናቸው፤ ከጌም ጋር ማሸግ ይቻላል። ፊደላችን ከዚህም ሌላ ጣጣ አለው። የእንግሊዝኛ ፊደል 8 በ8 በሆነ የካሬ ሰሌዳ ውስጥ ይገባል። እስቲ «ጬ»ን ወይም «ሿ»ን በዚያ ውስጥ ጻፉ! ሞክረን «ጨ»ና «ጬ» አንድ ሆኑብን። ፊደል በፒክስል የምትሠሩ ከሆነ ቢያንስ በ12 ወይም በ16 ካሬ ጀምሩ።

ከስህተታችን የተማርናቸው

ጓደኛዬ ክረምቱን ሚኒባሷን ከባዶ መሣል ጀመረ። እኔም እያየሁ የያዝኳቸውን ማስታወሻዎች ላካፍላችሁ።

አንደኛ፣ ከወረቀት ጀምሩ። መብራት ሲጠፋ ለሒሳብ የምንገዛውን ባለ ካሬ ደብተር አወጣንና በእርሳስ ካሬውን እየሞላን ሣልን። ፒክስል ስዕል እኮ ያው ነው። የሽሮ ሜዳ ሸማኔ የጥበብ ቀሚስ ጥለት ሲሠራ ክሩን እየቆጠረ ነው፤ አንድ ክር ከሳተ አበባው ይጣመማል። እናቶቻችን መሶብ ሲሰፉም እንደዚሁ እየቆጠሩ ነው። እኛ አገር ለዚህ ሥራ እንግዳ ነን የሚል ካለ ነጠላውን ገልጦ ይመልከት።

ሁለተኛ፣ አሳንሱ። ጀማሪ ትልቅ ስዕል ይወዳል፤ ከዚያ ግማሹ ላይ ይደክመዋል። 16 በ16 ወይም 32 በ32 ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ1981 በወጣው «ዶንኪ ኮንግ» ጌም ላይ የማሪዮ ሠሪ ሺገሩ ሚያሞቶ በነበረው ጥቂት ካሬ አፍ መሣል ሲቸግረው ጢም አደረገለት፤ ፀጉር ሲያስቸግረው ባርኔጣ ደፋለት። ዓለም የሚያውቀው መልክ የተገኘው ከችግር ነው። ጓደኛዬም የረዳቱን ጣት መሣል ስላቃተው የብር ኖት አስያዘው። አሁን ሁሉም ሰው ረዳት መሆኑን የሚያውቀው በዚያች ብር ነው!

ሦስተኛ፣ ቀለም ቆጥቡ። እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣው ጌም ቦይ አራት ድምቀት ብቻ ነበረው፤ ግን የስንት ልጅ ጊዜ በላ! ከመጀመራችሁ በፊት ስምንት ወይም አሥራ ስድስት ቀለም ምረጡና ከዚያ አትውጡ። ከተለያየ ቦታ የመጡ ስዕሎች እንኳ በአንድ የቀለም ስብስብ ሲቀቡ የአንድ ቤት ልጆች ይመስላሉ። ብርሃኑም ከአንድ አቅጣጫ ይምጣ፤ ሚኒባሷ ላይ ከግራ፣ ተሳፋሪው ላይ ከቀኝ ከሆነ ዓይን ይረበሻል።

አራተኛ፣ ጥላውን ፈትሹ። ስዕሉን ሙሉ በሙሉ ጥቁር ቀቡትና ተመልከቱት። ምን እንደሆነ አሁንም ከታወቀ ጥሩ ስዕል ነው። ካልታወቀ ቀለም አያድነውም።

አምስተኛ፣ አቀማመጡ ላይ ጠንቃቃ ሁኑ። ለጌም የሚሆነውን በፒኤንጂ አስቀምጡ። ጄፔግ ፒክስሉን ያቆሽሸዋል፣ ከጀርባ ያለውንም ባዶ ቦታ ይሞላዋል። ስታሳድጉ በእጥፍ፣ በሦስት እጥፍ አሳድጉ እንጂ በአንድ ተኩል አታሳድጉ፤ ካሬዎቹ እኩል አይሆኑም። ሌየሮቹ ያሉበትን ዋናውን ፋይል ደግሞ ሁለት ቦታ አስቀምጡ። ይህን የምለው የጓደኛዬ የሁለት ወር ሥራ እንዴት እንደጠፋ ስለሰማሁ ነው።

ስድስተኛ፣ ወጥታችሁ እዩ። ጓደኛዬ መገናኛ ሄዶ ቆመና ሚኒባስ በስልኩ ፎቶ አነሳ። በሩ በቀኝ ነው፤ መሪው በግራ ነው። ከላይ ዕቃ መጫኛ አለ። የኋላ መስታወት ላይ ጥቅስ ተለጥፏል። ከኢንተርኔት የወሰዳት መኪና ከእነዚህ አንዱም አልነበራትም። እኛ ጋዜጠኞች ይህን «ቦታው ድረስ ሄዶ መዘገብ» እንለዋለን፤ ለካ ለጌምም ይሠራል!

ሰባተኛና የመጨረሻ፣ ስም መዝግቡ። ከሰው የወሰዳችሁትን ስዕል ባወረዳችሁበት ቀን የሠሪውን ስም፣ ያገኛችሁበትን ቦታና ፈቃዱን በአንድ ፋይል ጻፉ። ኋላ እጽፋለሁ ካላችሁ አትጽፉትም። እኔን ጠይቁኝ፤ አራቱን ፎቶዎች ማን እንዳነሳቸው እስከ ዛሬ አላገኘሁም።

«ግን እኮ...» ለሚሉ

ተቃውሞ መኖሩን አውቃለሁ። አንዳንዱም ልክ ነው። «ጂምፕ ይከብዳል» ይላሉ፤ ፎቶሾፕ ለለመደ ሰው ቁልፎቹ ሁሉ ሌላ ቦታ ስለሆኑ የመጀመሪያው ሳምንት ያናድዳል። «የሥራ ማስታወቂያው ፎቶሾፕ የሚችል ነው የሚለው» ይላሉ፤ ይህም እውነት ነው። ነገር ግን ሌየር፣ ማስክ፣ የቀለም ሚዛን የሚባሉት ነገሮች በሁሉም ፕሮግራም አንድ ናቸው። በታክሲ መንዳት የለመደ ሹፌር የቤት መኪና ቢሰጡት የሚጠፋበት የመብራቱ ማብሪያ ነው እንጂ መንዳቱ አይደለም።

ሌላው ደግሞ «አሁን እኮ አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ አለ፤ ሚኒባስ ሥራልኝ ስትለው ይሠራልሃል» ይለኛል። ይሠራል። ጓደኛዬም ሞክሮታል፤ አራት ሚኒባስ ሰጠው፣ አራቱም አይመሳሰሉም። አንድ ጌም ውስጥ አንዷ መኪና ስትዞርም፣ ስትቆምም፣ በር ስትከፍትም ራሷ መሆን አለባት። ከዚያ ባሻገር የአሜሪካ የቅጂ መብት ቢሮ ሙሉ በሙሉ በማሽን የመነጨ ምስልን የሰው ሥራ ብሎ አይመዘግብም። ጌሞች በብዛት ከሚሸጡባቸው ገበያዎች አንዱ የሆነው ስቲምም እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ በዚህ መንገድ የተሠራ ነገር ካለ ንገሩኝ ይላል። ስለዚህ እዚያም ሄዶ ያው የአባባ ጥያቄ ይጠብቃችኋል፦ «አንተው ነህ የሣልከው?»

«ለትርፍ ሰዓት ጨዋታ ይህን ያህል ምን አጨነቀህ?» የሚለኝም አለ። የሚያስጨንቀኝ ይህ ነው። ኤሪክ ባሮን የሚባል አሜሪካዊ ከአራት ዓመት በላይ ብቻውን ኮዱንም፣ ስዕሉንም፣ ሙዚቃውንም ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2016 «ስታርዲው ቫሊ» የተባለውን ጌም አወጣ፤ በሚሊዮን የሚቆጠር ሰው ገዛው። እሱም የጀመረው ቤቱ ቁጭ ብሎ ነው። እኛም አገር ቅኔ ጌምስ «ኩኩሉ» ብሎ የምትሸሽ ዶሮን፣ «ገበታ» ብሎ ባህላዊውን ጨዋታ ወደ ስልክ አምጥቷል። የትርፍ ሰዓት ሥራ ነገ ምን እንደሚሆን ማንም አያውቅም። መሠረቱ ላይ የሰው ድንጋይ ካለ ግን ቤቱ ባማረ ቁጥር ጭንቀቱ ይጨምራል።

እና ምን እናድርግ?

ሦስት ነገር እላለሁ። ለዲፓርትመንታችን፦ የላብ ኮምፒውተሮች ላይ ጂምፕ፣ ኢንክስኬፕና ክሪታ ይጫኑልን። ወጪ የለውም፤ የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ነው። ለመምህራኖቻችን፦ የፎቶና የስዕል ፈቃድ ማንበብን አንድ ክፍለ ጊዜ ስጡልን፤ ጋዜጠኛውም ጌም ሠሪውም ያስፈልገዋል። ለእኛ ለተማሪዎች፦ በዚህ ሳምንት ፍላሻችንን እንክፈትና ውስጡ ያለው የማን እንደሆነ እንጠይቅ። እኔም በሚቀጥለው የግድግዳ ጋዜጣችን ላይ «ምንጭ፦ ጉግል» ብዬ ላልጽፍ እዚሁ በጽሑፍ ቃል ገባሁ። ያዩኝ ይመስክሩብኝ።

ሚኒባሷስ? አለቀች። ሦስት ሳምንት ፈጀች፤ 32 ካሬ ናት። እውነቱን ለመናገር ከድሮዋ ይልቅ አታምርም። መንገዱ የኬኒ ንጣፍ ነው፤ ፊደሉ አቢሲኒካ ነው፤ የቀረው በሙሉ የጓደኛዬ እጅ ነው። በመጨረሻው ገጽ ላይም እንዲሁ ተጽፏል። ባለፈው ሳምንት ታክሲ ተራው ጋ ለአንድ ረዳት በስልኩ አሳየው። ልጁ ትንሽ ተጫወተና «የኛ መኪና ናት! ጎማዋ ግን ትንሽ አነሰ» አለው።

ጓደኛዬ በዚያው ማታ ጎማውን አስተካከለው። ማንንም ማስፈቀድ አላስፈለገውም፤ ሚኒባሷ የራሱ ናትና። እኔም ያቺን የድሮ ረቂቄን አውጥቼ «ስዕሉን በራሱ እጅ የሠራ» የምትለውን ዓረፍተ ነገር አነበብኳት። አሁን እውነት ሆናለች። በዚህ ጊዜ ግን ጠይቄው ነው።